ጎረቤት ከተሞች በምን ዓይነት አስተዳደር ይተሳሰሩ? ስድስት የአውሮፓ አማራጮች በንጽጽር

በእንግሊዝ አገር ቦልተን እየኖረ ማንቸስተር የሚሠራ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጠዋት ፌርማታ ላይ ሲቆም የሚያስጨንቀው የአውቶቡሱ መዘግየት ብቻ አልነበረም። የሚመጣው አውቶቡስ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነም ማወቅ ነበረበት። ከአንዱ ኩባንያ የገዛው የቀን ትኬት በሌላው አውቶቡስ ላይ አይሠራም፤ በሁሉም ላይ የሚሠራው ትኬት ደግሞ ይወደዳል። ቦልተንና ማንቸስተር በካርታ ላይ ሁለት ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። ለዚህ ሰው ግን አንድ ከተማ ናቸው፤ በአንደኛው ያድራል፣ በሌላኛው ይውላል።

የሜትሮፖሊታን፣ ማለትም ትልቅ ከተማንና ጎረቤቶቿን በአንድ የሚያይ፣ አስተዳደር ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሰው፣ ውሃ፣ ቆሻሻና መኪና የማዘጋጃ ቤት ወሰን ሳያግዳቸው ይሻገራሉ፤ በጀትና ሥልጣን ግን ወሰኑ ላይ ይቆማሉ። አውሮፓ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስትሞክር ቆይታለች። የተሳካላትም፣ የፈረሰባትም፣ ፈርሶ እንደገና የተሠራም አለ። ይህ ጽሑፍ የትኛው ከተማ ምርጥ እንደሆነ ለመሸለም አልተጻፈም። በማዘጋጃ ቤት፣ በፕላን መሥሪያ ቤት ወይም በምክር ቤት ተቀምጠው «የትኛውን መንገድ እንከተል?» ብለው ለሚጠይቁ የተዘጋጀ ነው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚጀመረው ከስያሜው ነው፤ «ኤጀንሲ ይሁን? ምክር ቤት ይሁን? ከንቲባ ይኑረው?» እየተባለ። እኔ ግን አማራጮቹን ሁሉ በአምስት ጥያቄዎች መመዘን ይቀድማል እላለሁ።

የመጀመሪያው፦ ማን ይመርጠዋል? ነዋሪው በቀጥታ፣ ወይስ ከንቲባዎችና የምክር ቤት አባላት ከመካከላቸው?

ሁለተኛው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የራሱ ገቢ ያለው ተቋም በየዓመቱ ደጅ አይጠናም። መዋጮ የሚጠብቅ ተቋም ደግሞ ከአባላቱ ሁሉ በጣም ከቆጠበው ከተማ ፍላጎት በላይ ሊራመድ ይቸግረዋል። ከአምስቱ አንዱን ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢሰጠኝ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው፦ ውሳኔው ያስገድዳል ወይስ ምክር ብቻ ነው?

አራተኛው፦ ትንሿ ከተማ ምን ዋስትና አላት? ትልቁ ከተማ ሁልጊዜ በድምፅ የሚያሸንፍ ከሆነ ትንሿ ትፈርማለች እንጂ አትተባበርም።

አምስተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው፦ የተቋሙ ዕድሜ በማን እጅ ነው? የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1986 የታላቋ ለንደንን ምክር ቤት ከታላቋ ማንቸስተርና ከሌሎች አምስት የሜትሮፖሊታን ካውንቲ ምክር ቤቶች ጋር በአንድ ሕግ አፍርሶታል። በቀጣዩ ዓመት የስፔን ራስ ገዝ ክልል የሆነችው የካታሎኒያ ፓርላማ በባርሴሎና ዙሪያ ከ1974 ጀምሮ የቆየውን የሜትሮፖሊታን ተቋም አፈረሰ። በሁለቱም ቦታ ትልቁን ከተማ የሚመራው ፓርቲና ከበላይ ያለው መንግሥት ተቀናቃኞች ነበሩ። ጠንካራ የሜትሮፖሊታን ተቋም ከበላዩ ላለው ባለሥልጣን ተፎካካሪ መስሎ ይታያል፤ አደረጃጀት የሚመርጥ ሰው ይህን ገና ሲጀምር ሊያስብበት ይገባል።

አንደኛ፦ በፈቃድ ላይ የቆመ ትብብር (አምስተርዳም)

በ1995 የአምስተርዳም ነዋሪዎች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ከተማዋ ተከፋፍላ ከጎረቤቶቿ ጋር በአዲስ «የከተማ ክፍለ ሀገር» ሥር ትግባ ወይስ አትግባ? ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጪዎች «አትግባ» አሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሮተርዳም ሕዝብም ተመሳሳይ ዕቅድ በሰፊ ልዩነት ጣለ። ዕቅዱ በባለሙያ ዓይን ምክንያታዊ ነበር፤ ለነዋሪው ግን ከተማዬ ልትበተን ነው የሚል መልእክት ነበረው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአምስተርዳም ሜትሮፖሊታን አካባቢ በስምምነት የቆመ ነው። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ሁለት ክፍለ ሀገሮችና የአካባቢው የትራንስፖርት ባለሥልጣን አባላት ናቸው። መዋጮው አነስተኛ ነው፤ የሚያስገድድ ሕግ የለውም። ሆኖም ባዶ ወሬ ብቻ አይደለም። ከተሞቹ እርስ በርስ እየተሻሙ ከገበያው ፍላጎት በላይ የቢሮና የንግድ ቦታ ሲያቅዱ፣ ሁሉም እንደሚከስሩ አይተው በጋራ ተቀምጠው በሚሊዮን የሚቆጠር ካሬ ሜትር ዕቅድ ሰርዘዋል። ፈቃደኝነት የሚሠራው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ካልተስማሙ ሁሉም ሲጎዱ። አንዱ ተጎድቶ ሌላው የሚጠቀምበት ጉዳይ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ማንም በአጠገቤ አይሁን የሚለው የቆሻሻ ማቃጠያ ቦታ ሲፈለግ፣ ፈቃደኝነት አቅም ያንሰዋል።

ሁለተኛ፦ ለአንድ አገልግሎት የተቋቋመ ማኅበር (ሄልሲንኪ)

ይህን ለእኛ ሰው ለማስረዳት እድርን መጥቀስ ይበቃል። እድር የአባላቱን ፖለቲካም ሆነ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ መዋጮውን ይሰበስባል፣ ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑን ይተክላል። በሄልሲንኪ አካባቢም ኤችኤስኤል የሚባለው ድርጅት ለዘጠኝ ማዘጋጃ ቤቶች ሕዝብ ማመላለሻን ብቻ ያዘጋጃል። ኤችኤስዋይ የሚባለው ደግሞ ለሄልሲንኪ፣ ለኤስፖ፣ ለቫንታና ለካውኒያይነን ውሃና ቆሻሻን ይይዛል። ሁለቱም በዚህ መልክ ሥራ የጀመሩት በ2010 ነው። ገንዘቡ ከተጠቃሚው ክፍያና ከአባል ከተሞች መዋጮ ይመጣል።

የዚህን አማራጭ ጉልበት የሚያሳየው የሲፖ ታሪክ ነው። ሄልሲንኪ በ2009 መግቢያ ላይ በመንግሥት ውሳኔ ከምሥራቅ ጎረቤቷ ከሲፖ ሰፊ መሬት ወሰደች። ሲፖ አጥብቃ ተቃውማ ነበር። ይኸው ሲፖ ከሦስት ዓመት በኋላ የኤችኤስኤል አባል ሆና ገባች። መሬት ላይ የተጣሉ ከተሞች በአንድ ትኬት ተስማሙ ማለት ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ኤስፖ ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ሳለ የሄልሲንኪ ሜትሮ በ2017 ወሰኑን ተሻግሮ ገባላት።

ድክመቱ ግልጽ ነው። አውቶቡሱን የሚያቅደው አንድ አካል፣ ቤቱ የት ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው። ነዋሪው ቅሬታ ሲኖረውም የመረጠው ሰው የማኅበሩን ጉዳይ በቀጥታ አይመራውም።

ሦስተኛ፦ የከንቲባዎች ጉባኤ (ባርሴሎናና ካቶቪትሴ)

እዚህ የሚወስኑት በየከተማቸው የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ነዋሪው ለሜትሮፖሊታኑ ብሎ የተለየ ድምፅ አይሰጥም። የባርሴሎና ሜትሮፖሊታን አስተዳደር በ2010 በወጣ የካታሎኒያ ሕግ ተመልሶ ሲቋቋም 36 ማዘጋጃ ቤቶችንና ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያዘ። ፕላን፣ ትራንስፖርት፣ ውሃ፣ ቆሻሻና አካባቢ ጥበቃ ይመለከተዋል፤ ከንብረት ግብር ጋር የሚሰበሰብ የራሱ የሜትሮፖሊታን ግብርም አለው። አባላቱ ከየከተማው ምክር ቤት የመጡ ዘጠና ሰዎች ናቸው።

ወደ ደቡብ ፖላንድ ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። በካቶቪትሴ ዙሪያ ያለው የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር አንድ ራስ የለውም። ካቶቪትሴ ራሷ ወደ 300 ሺህ ገደማ ሕዝብ ሲኖራት ስብስቡ በጠቅላላ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። በ2017 ለዚህ አካባቢ ተብሎ በወጣ ልዩ ሕግ 41 ማዘጋጃ ቤቶች አንድ ማኅበር መሠረቱ፤ ሥራውም ጥር 2018 ላይ ተጀመረ።

የድምፅ አሰጣጡን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት አንድ ተወካይ ይልካል። ውሳኔ ሲቀርብ ቆጠራው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የወጡት እጆች ይቆጠራሉ፤ ከአርባ አንዱ የበለጡት መደገፍ አለባቸው። ቀጥሎ ከእጆቹ ጀርባ ያለው ሕዝብ ይቆጠራል፤ ደጋፊዎቹ የሚወክሉት ነዋሪ ከጠቅላላው ሕዝብ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ትላልቆቹ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ብቻ ትናንሾቹን አይደፈጥጡም፤ ትናንሾቹም በቁጥር ብቻ ተባብረው በብዙኃኑ ላይ ውሳኔ አይጭኑም። ለአራተኛው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ገንዘቡም ታስቦበታል። በ2017ቱ ሕግ በአካባቢው ከሚኖሩ ሰዎች የገቢ ግብር አምስት በመቶው ለማኅበሩ እንዲሄድ ተደረገ። ከተሞቹ የገቡት ተነጥቀው ሳይሆን ተጨምሮላቸው ነው ማለት ይቻላል። በዚህ አቅም ቀድሞ በሦስት ድርጅቶች ተከፋፍሎ የነበረው የሕዝብ ማመላለሻ በ2019 በአንድ ተቋም ሥር ሆነ።

አራተኛ፦ በቀጥታ የሚመረጥ፣ ሥልጣኑ ግን የተመጠነ ምክር ቤት (ሽቱትጋርት)

በጀርመን ከ1994 ጀምሮ ሽቱትጋርትና በዙሪያዋ ያሉ አምስት ወረዳዎች፣ በድምሩ 179 ማዘጋጃ ቤቶች፣ ነዋሪው በየአምስት ዓመቱ በቀጥታ የሚመርጠው የአካባቢ ጉባኤ አላቸው። ጉባኤው ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች ብቻ ይይዛል፤ የሚያስገድድ የአካባቢ ፕላን፣ የከተማ ዳርቻ ባቡርና የኢኮኖሚ ልማት። ግብር አይጥልም፤ ከማዘጋጃ ቤቶቹ መዋጮ ይቀበላል። በሕዝብ የተመረጠ ሰው በሌላ ሰው ኪስ ሲሠራ ሁልጊዜ ውጥረት ይኖራል፤ የሽቱትጋርት ደካማ ጎን ይህ ነው። ከዚህ አንድ እርምጃ የሚያልፈው ሃኖፈር ነው። በ2001 የተመሠረተው የሃኖፈር ሬጂዮን (የአካባቢ አስተዳደር) 21 ማዘጋጃ ቤቶችን ይዞ ሆስፒታል፣ ቆሻሻና ትራንስፖርት ያስተዳድራል፤ ፕሬዚዳንቱም በሕዝብ ይመረጣል።

አምስተኛ፦ ሥልጣንን ጠቅልሎ መያዝ (ሊዮን)

በፈረንሳይ የሊዮን ከተማ ከንቲባ የነበሩት ሶሻሊስቱ ዤራር ኮሎምና የሮን ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት የመሀል ፖለቲከኛው ሚሼል መርሲዬ በፓርቲ የማይገናኙ ሰዎች ነበሩ። ግን ተስማሙ። በስምምነታቸው መሠረት ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የሊዮን ሜትሮፖል (የከተሞቹ የጋራ አስተዳደር) በወሰኑ ውስጥ የክፍለ ሀገሩን ሥልጣን ጭምር ተረከበ። ከመንገድ፣ ከውሃና ከፕላን ሌላ ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ፣ የሕፃናት ጥበቃና የአረጋውያን እንክብካቤ በአንድ ቤት ገቡ። ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሥር ይኖራል።

በ2020 የሊዮን አካባቢ መራጭ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲገባ ለማዘጋጃ ቤቱ አንድ፣ ለሜትሮፖሉ ሌላ ድምፅ ሰጥቶ ወጣ። ተጠያቂነቱ ግልጽ ነው፤ የሜትሮፖሉ 150 አባላት ለሜትሮፖሉ ብለው ተመርጠዋል። የተጎዱት ትናንሾቹ ኮሚዩኖች (ማዘጋጃ ቤቶች) ናቸው። አባላቱ የሚመረጡት በ14 ትላልቅ የምርጫ ክልሎች ስለሆነ የአንዲት ትንሽ ኮሚዩን ከንቲባ በጉባኤው ወንበር የማግኘት ዋስትና የለውም። የከንቲባዎች መድረክ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ድምፁ ግን የምክር ነው። ወሰኑም ቢሆን ጎዶሎ አለበት። የሊዮን አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ያለው ከሜትሮፖሉ ወሰን ውጭ ነው።

ስድስተኛ፦ በከተሞቹ ላይ የሚመረጥ ከንቲባ (ታላቋ ማንቸስተር)

የማንቸስተር ታሪክ ረጅም ነው፤ ርዝመቱም ትምህርቱ ነው። በ1986 ምክር ቤታቸው ሲፈርስ አሥሩ ከተሞች አልተበተኑም። በፈቃዳቸው ማኅበር መሥርተው ለሃያ አምስት ዓመት አብረው ሠሩ። በ2008 በመኪና መጨናነቅ ክፍያ ላይ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው አሥሩም ከተሞች «አይሆንም» አሉ፤ ማኅበሩ ግን ከዚያ ሽንፈትም ተረፈ። በ2011 ሕጋዊ ጥምር አስተዳደር ሆኑ፤ በ2014 ከማዕከላዊ መንግሥት ጋር ሥልጣን ለመረከብ ተዋዋሉ። በ2017 አንዲ በርነም የመጀመሪያው ተመራጭ ከንቲባ ሆኑ።

ከንቲባው ብቻቸውን የሚገዙ አይደሉም። የአሥሩ ከተሞች መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረዋቸው ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሦስተኛው ከተስማሙ የከንቲባውን በጀት መለወጥ ይችላሉ። ስለ አውቶቡሱ ግን ውሳኔው የከንቲባው ነበር። በ1986 ለገበያ የተለቀቁትን መስመሮች ወደ ሕዝብ ቁጥጥር ለመመለስ በ2021 ወሰኑ። ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ወስደዋቸው ተረቱ። መስከረም 2023 ላይ የመጀመሪያዎቹ ቢጫ አውቶቡሶች በቦልተንና በዊጋን ወጡ። መንገደኛው አሁን የኩባንያ ስም አያይም፤ ቢጫውን አይቶ ይሳፈራል፣ ያው ትኬት ትራሙ ላይም እንዲሠራ ተደርጓል።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ስልክ የሚደወልለት ሰው መኖሩ ነው። ትልቁ ስጋት ደግሞ አብዛኛው ገንዘብ አሁንም ከለንደን የሚመጣ መሆኑ ነው። ሰጪው መልሶ ሊነፍግ ይችላል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ማን ይመርጠዋል | ዋናው ገንዘብ | ያስገድዳል? | የትንሿ ከተማ ዋስትና | ሊያፈርሰው የሚችለው |
|---|---|---|---|---|---|
| የፈቃድ ትብብር (አምስተርዳም) | ከተሞቹ ይወክላሉ | አነስተኛ መዋጮ | አያስገድድም | ሙሉ፤ እምቢ ማለት ትችላለች | አባላቱ ራሳቸው |
| የአገልግሎት ማኅበር (ሄልሲንኪ) | ከተሞቹ ይወክላሉ | ክፍያና መዋጮ | በአገልግሎቱ ብቻ | መካከለኛ | አባላቱና ሕጉ |
| የከንቲባዎች ጉባኤ (ካቶቪትሴ) | ከተሞቹ ይወክላሉ | የገቢ ግብር ድርሻና መዋጮ | በተሰጠው ሥልጣን | ጠንካራ፤ ድርብ ቆጠራ | ፓርላማ |
| የተመጠነ ምክር ቤት (ሽቱትጋርት) | ነዋሪው | የከተሞች መዋጮ | በፕላንና በባቡር | መካከለኛ | የክልሉ ፓርላማ |
| ሙሉ ሜትሮፖል (ሊዮን) | ነዋሪው | የራሱ ግብርና ድጎማ | አዎን፣ በሰፊው | ደካማ | ፓርላማ |
| ተመራጭ ከንቲባ (ማንቸስተር) | ነዋሪው፣ ከመሪዎች ጋር | የመንግሥት ድልድልና ተጨማሪ ግብር | አዎን፣ በተሰጠው | ጥሩ | ፓርላማ |

ለማን የትኛው?

እጃችሁ ላይ ገንዘብ ከሌለ፣ መተማመንም ገና ካልተገነባ፣ ከአምስተርዳም ጀምሩ። ነገር ግን ርዕሱን ምረጡ፤ ሁሉም አብሮ የሚጎዳበትን ጉዳይ ፈልጉ እንጂ በጣም የሚያጣላችሁን አታስቀድሙ።

አንድ የሚያንገበግብ አገልግሎት ካለ፣ ውሃም ሆነ አውቶቡስ፣ የሄልሲንኪው መንገድ ፈጣኑና ርካሹ ነው። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ለጊዜው ተዉት። ከስድስቱ ውስጥ በልበ ሙሉነት ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ብዙ እኩል ከተሞች ከሆናችሁና ማንም ማንንም የማይበልጥ ከሆነ የካቶቪትሴን የድምፅ ሕግ እንዳለ ውሰዱት። አንድ ትልቅ ከተማና ብዙ ትናንሽ ጎረቤቶች ባሉበት ግን ድርብ ቆጠራው ብቻውን አይበቃም፤ ትልቁ ከተማ ብቻውን ከግማሽ በላይ ሕዝብ ካለው ያለ እሱ ምንም አያልፍም።

ሊዮንን የሚመኙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ንድፉ ንጹሕ ስለሆነ ይማርካል። ነገር ግን ሊዮን እዚያ የደረሰችው ከ1969 ጀምሮ በከተሞች ማኅበር ስትሠራ ቆይታ ነው። ዛሬ ጀምሮ ነገ እዚያ መድረስ አይቻልም።

ወሰኑ የክልሎች ወሰንም ከሆነ ወደ ሃምቡርግ ተመልከቱ። ሃምቡርግ ራሷ አንድ የፌዴራል ክልል ናት፤ የሜትሮፖሊታን አካባቢዋ ግን አራት ክልሎችን ይነካል። ማንም ማንንም አልጠቀለለም፤ ክልሎቹ በስምምነት ይሠራሉ። በ1965 የተመሠረተው የሃምቡርግ የትራንስፖርት ማኅበር በዓለም የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ማኅበር ሲሆን፣ ትኬቱ የክልሎችን ወሰን ይሻገራል።

ይህን ስጽፍ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከሐሳቤ አይወጡም። ከከተማዋ ውሃ ከፊሉ የሚመጣው በኦሮሚያ ክልል ካሉት ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይናገራል። ከተማዋንና ዙሪያዋን በአንድ ያቀደው የጋራ ማስተር ፕላን የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2008 ተሰረዘ። ያ ፕላን የጀመረው ከመሬት ነበር፤ መሬት ደግሞ ለገበሬው ኑሮው ነው። በሄልሲንኪና በሃምቡርግ የተሳካው ግን ከትኬት ሲጀመር ነው። አንድ አውቶቡስ ከሰበታ መገናኛ በአንድ ትኬት ቢደርስ፣ የውሃው ዋጋም ግድቡ ላለበት አካባቢ በግልጽ ሒሳብ ቢከፈል፣ ማንም መሬቱን ሳያጣ የጋራ ሥራው ይጀመር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ስምምነቱ ሲረቀቅ ሁለት አንቀጾች እንዳይዘለሉ፤ አባል ከተማ ከአንድ ጉዳይ ብቻ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሲወጣም ምን ዕዳ እንደሚከፍል። ስቶክፖርት የምትባለው የታላቋ ማንቸስተር ከተማ በ2020 መጨረሻ ከጋራው የመሬት ፕላን ወጣች። የቀሩት ዘጠኙ ፕላኑን ቀጥለው መጋቢት 2024 ላይ አጸደቁት። ስቶክፖርት ግን ከጥምር አስተዳደሩ አልወጣችም። ጥር 5 ቀን 2025 የመጨረሻው ዙር የአውቶቡስ መስመሮች ወደ ሕዝብ ቁጥጥር ሲገቡ የእሷም ነበሩበት፤ ዛሬ ቢጫዎቹ አውቶቡሶች በስቶክፖርት ጎዳናም ይሄዳሉ።